መኪና ግርግር ሐጂ ጋ ያሰፋነው የሚዜ ልብስ እና ከአንድ ጣቃ የመቆረጥ ነገር

ሐረር ወይ ድሬ ሆናችሁ ለሰርግ፣ ለሚዜ፣ ለቤተሰብ ፎቶ ምናምን አንድ ዓይነት ልብስ ልታሰፉ ያሰባችሁ ይሄን አንብቡ፣ ረዘም ይላል ግን ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ብታነቡት ብር ያተርፍላችኋል። የታናሽ እህቴን ሚዜዎች ልብስ ያሰፋነው ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ ነው። ሱቁ ታፔላ የለውም፣ ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም ሐጂ ብዬ ነው የምቀጥለው ምክንያቱም ስማቸውን ሳላስፈቅድ መጻፍ አልፈልግም። በጣም ጎበዝ ሰፊ ናቸው፣ በጣም። እኔ ደግሞ ሥራዬ እንግሊዝኛ ማስተማር ስለሆነ ከልብሱ ሌላ ይዤው የወጣሁት ነገር አለ፣ "ካት ፍሮም ዘ ሴም ክሎዝ" (ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ) የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ መጽሐፍ ላይ ካነበብኩት በላይ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው የገባኝ፣ ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ለየብቻ መጻፍ አልቻልኩም።

ቦታውን ለማታውቁ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው ጠባቡ መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው፣ ስሙም ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው፣ ቀን ላይ ካለፋችሁ ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ። ጨርቅ ሻጩም እዛው አለ፣ ሽቲው፣ ድርያው፣ ሻሹ ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሎ መንገዱን ያለብሰዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ ሰው ቶሎ የሚያስበው ግንቡን፣ በሮቹንና መስጊዶቹን ነው፣ ለኔ ግን ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ፔዳል የሚመቱት ሰፊዎችም የዚች ከተማ ቅርስ ናቸው ብዬ ነው የማምነው፣ ማንም ሲያመሰግናቸው ግን አላይም፣ ቱሪስቱ ፎቶ አንስቷቸው ያልፋል በቃ።

ወደ ነገሬ ልግባ። እህቴ ለሚዜዎቿ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ክሬፕ የሚባል ጨርቅ መረጠች። አክስቴ ድሬ ስለምትኖር እዛው ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብታ ገዝታ ላከችልን። ከዛ የሚዜው ቁጥር ጨመረ፣ ሰርግ ላይ ይሄ የማይቀር ነው፣ አክስቴም ተመልሳ ሄዳ ከሌላ ሱቅ ተጨማሪ ገዛች፣ ያው ቀለም፣ ያው ክሬፕ፣ ሻጩም አንድ ነው ብሎ ምሎላታል። ማታ እቤት አምፖል ስር ጎን ለጎን ሲዘረጋ ማንም ሰው አይለየውም ነበር።

ሐጂ ጋ ስንወስደው መጀመሪያ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሻሹት፣ ምንም አላሉም። ከዛ ሁለቱንም ይዘው ከሱቅ ወጡ፣ መንገድ ላይ ጸሐይ የሚያርፍበት ጋ ቆመው የአንዱን ጠርዝ ሌላው ላይ አስተኙት፣ ገለበጡት፣ እንደገና አስተኙት፣ ሰው እየተጋፋቸው ያልፋል እሳቸው ግን ጨርቁን ብቻ ነው የሚያዩት። "አቦ ይሄ ወንድሙ ነው እንጂ ራሱ አይደለም" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጸሐይ ላይ ሁለተኛው ወደ ቡኒ ያደላል። እህቴ "ሐጂ ይሄን ማን ያየዋል?" ስትላቸው "የኔ ልጅ ለየብቻ ቢሆንማ እኔም አላየውም፣ ጎን ለጎን ሲሰለፉ ግን ሰርገኛው ሁሉ ያየዋል፣ ፎቶው ደግሞ ዕድሜሽን ሙሉ ሲያሳይሽ ይኖራል" አሏት። ሌላ ሰፊ ቢሆን ዝም ብሎ ሰፍቶ ብሩን ይቀበል ነበር፣ ጨርቁን ያመጣነው እኛ ነን፣ ማንም አይጠይቃቸውም። እሳቸው ግን እንቢ አሉ፣ "ከዚህ ቀላቅዬ አልቆርጥም" አሉ። እኔ አምስት ኮከብ የምሰጠው ለዚች እንቢታ ነው፣ ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው።

ለምን እንደሚለያይም አስረዱን፣ እኔም በኋላ ራሴ አነበብኩበት። ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሚነከረው ሁሉም በአንዴ አይደለም፣ በዙር በዙር ነው። ቀለሙ በሚዛን ተለክቶ እንኳ የአንዱ ዙር ከሌላው ትንሽ ይለያል፣ የውሃው ሙቀት፣ የቆየበት ሰዓት፣ ጨርቁ ከመነከሩ በፊት የታጠበበት መንገድ ሁሉ ለውጥ ያመጣል። ለዚህ ነው ጣቃው ጫፍ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የዙሩም ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚኖረው፣ ሎት የሚሉት ማለት ነው። ፋብሪካው ራሱ ሌላ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ አንዱ ወይን ጠጁን ያገኘው ከአንድ ዓይነት ቅልቅል ነው ሌላው ከሌላ፣ ያኔ ነው አምፖል ስር አንድ የመሰለው ጨርቅ ውጪ ሲወጣ ሁለት የሚሆነው፣ ምክንያቱም የአምፖል ብርሃንና የጸሐይ ብርሃን ውስጡ አንድ አይደለም፣ ጨርቁም የሚመልሰው በደረሰው ብርሃን ልክ ነው። ስለዚህ ጨርቅ ስትመርጡ ሁሌም ወደ በር ይዛችሁ ውጡ፣ ሻጩ ቅር ቢለውም ቅር ይበለው።

አክስቴ ከመጀመሪያው ጨርቅ ላይ ቁራጭ ተላከላትና መጀመሪያ የገዛችበት ሱቅ ተመለሰች፣ ደግነቱ ያው ጣቃ ገና አላለቀም ነበር፣ የቀረውን አመጣችልን፣ ሐጂ ይሄንንም ጸሐይ ላይ ሳያወጡ አልተቀበሉም። ሁለተኛው ጨርቅም አልባከነም፣ ለራሷ ለአክስቴ ቀሚስ ሆነ፣ ከሚዜዎቹ ጋ ስለማትሰለፍ ችግር የለውም፣ በጣም ነው ያማረባት።

እና ሐጂ መቀሱን አንስተው ሲቆርጡ ቆሜ እያየሁ ነው ፈሊጡ በትክክል የገባኝ። "ካት ፍሮም ዘ ሴም ክሎዝ" ማለት ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ ማለት ነው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሁለት ሰዎች በጠባይ፣ በአስተሳሰብ፣ በአኗኗር በጣም ሲመሳሰሉ የሚሉት ነው። የመጣውም ከልብስ ሰፊ ሙያ ነው ይባላል፣ ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ኮቱና ሱሪው ከአንድ ጣቃ ካልተቆረጠ ቀለሙም ሽመናውም አይገጥምም። ክፍል ውስጥ ይሄ ፈሊጥ "ተመሳሳይ" ተብሎ ነው የሚታለፈው፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ እኩል ይሆናል ምልክት አድርጎ "ተመሳሳይ" ብሎ ይጽፋል፣ ፈተና ላይም ይመልሰዋል፣ ግን ትርጉሙ ጎዶሎ ነው። ኮትና ሱሪ እኮ አይመሳሰሉም! አንዱ እጅጌ አለው፣ አንዱ እግር አለው፣ አንዱን በሌላው ቦታ መልበስ አይቻልም። አንድ የሚያደርጋቸው የተሠሩበት ነገር ነው። ፈሊጡም የሚለው እሱን ነው፣ ሁለቱ ሰዎች አንዷ ረጅም አንዷ አጭር፣ አንዱ ነጋዴ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ ዝምተኛ አንዱ ተጫዋች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስትቀርቧቸው ግን ውስጣቸው የተሠራበት ነገር አንድ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ መልክ ለመልክ ለተመሳሰሉ ሰዎች ይሄን ፈሊጥ አትጠቀሙ። ልጅቷ እናቷን በመልክ ከሆነ የወረሰችው እንግሊዝኛው "ስፒቲንግ ኢሜጅ" የሚል ሌላ አባባል አለው፣ እኛ ቁርጥ እናቷን የምንለው እሱን ነው። "ላይክ ቱ ፒስ ኢን ኤ ፖድ" ደግሞ አለ፣ በአንድ እሸት ውስጥ እንዳሉ ሁለት አተሮች ማለት ነው፣ ይሄኛው ለመልክም ይሆናል፣ ከዛ በላይ ግን ተለያይተው ለማይታዩ ጓደኛሞች ይሄዳል፣ አንድ ላይ የሚገቡ አንድ ላይ የሚወጡ። ይሄ አንጋፋ ነው፣ እሸቱ ሳይጨመርበት "እንደ ሁለት አተር" የሚለው አነጋገር በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከ1500ዎቹ ጀምሮ አለ። "በርድስ ኦፍ ኤ ፌዘር" የሚለውን ደግሞ ሁላችሁም ሳታውቁት አትቀሩም፣ ያው የኛው ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ነው፣ ጉዳዩ መሰባሰብ ነው፣ የሚመሳሰሉ ሰዎች ይፈላለጋሉ ነው የሚለው። የጨርቁ ፈሊጥ ግን መሰባሰብም አይጠይቅም፣ ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንዱ ሐረር አንዱ ጎንደር ሆኖ። እኔ ከሁሉም ይሄን የምወደው ለዚህ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር ምክንያቱም ተማሪዎችም ትልልቅ ሰዎችም ሲቸገሩበት አያለሁ። አንደኛ ፈሊጡ በራሱ ምስጋናም ስድብም አይደለም። አንዲት ሴት ስለ ባሏና ስለ አባቷ "አር ካት ፍሮም ዘ ሴም ክሎዝ" ብትል ሁለቱም ደጎች ናቸው ማለቷ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ግትሮች ናቸው ማለቷም ሊሆን ይችላል፣ ፊቷንና ከፊቱ የተናገረችውን ማየት ነው። በንዴት ስለ ፖለቲከኞች "ኦል ካት ፍሮም ዘ ሴም ክሎዝ" ሲሉ ያው ሁሉም አንድ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው አይሻልም ማለታቸው ነው። ስለዚህ አለቃችሁን ከሌላ ሰው ጋ አያይዛችሁ ልታመሰግኑ ካሰባችሁ ምክንያቱን አብራችሁ ተናገሩ። ሌላው፣ ሰዎቹ ሁሌም ተቆራጭ ናቸው፣ ቆራጭ አይደሉም፣ "ዘይ ካት" ካላችሁ ጨርቅ ሲቆርጡ ነው የሚመስለው፣ "ዘይ አር ካት" ነው መሆን ያለበት፣ ቃሉ ራሱ ለአሁንም ለድሮም ስለማይለወጥ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይስታል። ሰዎቹ ካልተመሳሰሉ ደግሞ "ኤ ዲፈረንት ክሎዝ" ይባላል፣ ከሌላ ጨርቅ፣ ከቤተሰቡ ለየት ላለ ልጅ ብዙ ጊዜ ይሉታል። ለነገርም ይሆናል፣ ለሁለት ሐሳብ፣ ለሁለት መመሪያ፣ ለሁለት ዘፈን። አንድ ፋብሪካ ለሠራቸው ሁለት ተመሳሳይ ስልኮች ግን አይባልም፣ እነሱ አንድ ዓይነት ናቸው በቃ፣ ፈሊጥ አያስፈልጋቸውም።

ከዚህ ጋ የሚምታታ ደግሞ አለ፣ "ሆል ክሎዝ"፣ ሙሉ ጨርቅ ማለት ነው። አሜሪካኖች አንድ ወሬ "ካት ፍሮም ሆል ክሎዝ" ነው ካሉ ከመነሻው እስከ መድረሻው ፈጠራ ነው፣ ውሸት ነው ማለታቸው ነው። አንዷን ቃል ቀይራችሁ "እኔና እህቴ ካት ፍሮም ሆል ክሎዝ ነን" ብትሉ ጉድ ነው የምትሉት። "ኮትህን በጨርቅህ ልክ ቁረጥ" የሚልም የድሮ ምሳሌ አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1546 በወጣ የምሳሌዎች ስብስብ ውስጥ ይገኛል፣ እሱ ስለ መመሳሰል አያወራም፣ እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ነው። ድሮ ጨርቅ ውድ ስለነበር ይመስለኛል እንግሊዝኛው በጨርቅ የተሞላው፣ ሰው ኑሮውንም ጠባዩንም ውሸቱንም በጨርቅ ይለካ ነበር። የሐረር ሰውም ቢሆን ጨርቅ ያውቃል፣ ለዛ ይመስለኛል እዚህ ሳስተምረው ቶሎ የሚገባቸው።

ሐጂ የተረፈውን ቁርጥራጭ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፣ ከሁለቱም ጨርቅ ነበረበት፣ ክፍል ይዤው ገባሁ። ቀላቅዬ በየጠረጴዛው አከፋፈልኩና "ከአንድ ጨርቅ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጉ" አልኳቸው። መጀመሪያ ብዙዎቹ በቅርጽ ነው የመደቡት፣ ሦስት ማዕዘኑን ከሦስት ማዕዘን፣ ረጅሙን ከረጅም። ከዛ አንዱ ልጅ ተነስቶ መስኮት ጋ ወሰደው፣ ሌሎቹም ተከተሉት፣ እዛ ሲያዩት ቅርጹን ትተው ጨርቁን ማየት ጀመሩ፣ ሰፊው ቁራጭና ቀጭኑ ጥብጣብ አንድ ላይ ሆኑ። ከዛ በኋላ ነው ፈሊጡን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት። አንዷ ተማሪዬ ስለ አያቷና ስለ ጎረቤታቸው ዓረፍተ ነገር ሠራች፣ አያቷ ሐረሪ ናቸው ጎረቤታቸው ጎጃሜ፣ ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም ምግባቸውም ሌላ ነው፣ ግን ሁለቱም እንግዳ ሳይበላ ከቤታቸው አይወጣም፣ ሁለቱም የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እንደራሳቸው ልጅ ይቆጣሉ። ይሄ ነው ትክክለኛው አጠቃቀም፣ እኔ ራሴ ከዛ የተሻለ ምሳሌ አልነበረኝም፣ አሁን በየክፍሉ የምነግረው የሷን ነው።

ወደ ልብሱ ልመለስ። ሚዜዎቹን ብታዩዋቸው አንዷ በጣም ረጅም ናት፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አንዷ ሒጃብ ለባሽ ስለሆነች እጅጌው እስከ አንጓ አንገቱም ዝግ እንዲሆን ፈለገች፣ ትንሿ ደግሞ ገና ልጅ ስለሆነች ሰውነቷ ቀጭን ነው፣ ትከሻ የሌለው ሞዴል አይሆናትም። ሐጂ ለሁሉም አንድ ሞዴል አልሰፉም። እያንዳንዷን ለብቻ አስቀምጠው ጠየቁ፣ ለኩ፣ የድሮ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ለነፍሰ ጡሯ ከደረቷ ስር የሚለቀቅ አደረጉላት፣ ስፌቱ ውስጥም ትርፍ ተዉላት እስከ ሰርጉ ድረስ ሆዷ ስለሚጨምር። ሲቆርጡ ደግሞ የእያንዳንዷን ቁራጭ በደረቀ ሳሙና ከጀርባው ቁጥር ይጽፉበታል፣ የአንዷ እጅጌ ከሌላዋ ደረት ጋ እንዳይሄድ፣ ምክንያቱም የአንድ ጣቃ ጨርቅ እንኳ ከጠርዙ እስከ መሀሉ ቀለሙ በጣም በትንሹ ሊለያይ ይችላል አሉኝ። የክሩን አቅጣጫም ያያሉ፣ አንዱን ቀሚስ በርዝመቱ ሌላውን በወርዱ ከቆረጥከው አንዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል ሌላው ይንጠለጠላል፣ ቦታ ለመቆጠብ ብለው የሚያጣምሙ ሰፊዎች አሉ፣ እሳቸው አያጣምሙም።

ሰርጉ ቀን ሲሰለፉ እናቴ አለቀሰች። አንድም ልብስ ከሌላው ጋ አንድ አልነበረም፣ ሁሉም ግን አንድ ነበሩ፣ እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም፣ ሁሉም ሴት የራሷን መስላ ነበር የቆመችው፣ ማንም በማይሆናት ሞዴል ታፍና አልዋለችም፣ ከሩቅ ሲታዩ ግን ቀለሙ እንደ ወንዝ አንድ ሆኖ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰርግ ላይ ሁሉንም ሴት አንድ ሞዴል ውስጥ ከትተው ግማሾቹ ሲሰቃዩ አይቻለሁ፣ እባካችሁ ይሄን ተዉት፣ ጨርቁ አንድ ይሁን እንጂ ሞዴሉ እንደ ሰዉ ይሁን።

ለእናቴ ደግሞ ከፈይ ነበር ያሰፋነው። ከፈይ ላይ ሌላ ጉድ አለ፣ ፀጉሩ አቅጣጫ አለው፣ በእጃችሁ ወደ ታች ስትዳብሱት ለስላሳ ነው ወደ ላይ ሲሆን ይሻክራል፣ ብርሃንም የሚውጠው እንደ አቅጣጫው ስለሆነ ፀጉሩ ወደ ላይ የሆነው ጠቆር፣ ወደ ታች የሆነው ፈዘዝ ይላል። ስለዚህ ከአንድ ጣቃ ተቆርጦም ቢሆን አንዱ ቁራጭ ተገልብጦ ከገባ ሁለት ጨርቅ ይመስላል። ሐጂ ሁሉንም ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አስተኝተው ነው የቆረጡት፣ ለዚህ ሲባል ጨርቅ ትንሽ በዛ አድርጋችሁ መግዛት አለባችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸውን ብትጠይቁ ስንት ሜትር እንደሚበቃ ይነግሯችኋል። ካውያም በቀጥታ አያሳርፉበትም፣ ከጀርባው በእንፋሎት ነው።

ያልወደድኩትንም ልናገር። ቀጠሮ ላይ ደካማ ናቸው፣ በተባለው ቀን አላለቀም፣ ሰርጉ እየደረሰ ስለነበር እህቴ በጣም ተጨንቃለች፣ ስልክም ሥራ ላይ ከሆኑ አያነሱም። ሰርግ ላላት ሴት ይሄ ቀላል ጭንቀት አይደለም፣ ሥራ ሲበዛባቸው ትዕዛዝ መቀነስ ያለባቸው ይመስለኛል፣ እንዲህ ብዬም ነግሬያቸዋለሁ፣ ተቀብለውኛል። ሱቁ በጣም ጠባብ ነው፣ መጋረጃ ተጋርዶ ነው የሚለካው፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት የለም፣ ለሴት ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ መስታወት ቢገዙ ደስ ይለኛል። ዚፕና ቁልፍ ደግሞ ራሳችሁ ግዙ፣ እሳቸው ጋ ያለው ምርጫ ትንሽ ነው፣ ዚፑ ጠንካራ ቢሆንም ቀለሙ ላይገጥም ይችላል፣ ድብቅ ዚፕ ከፈለጋችሁ ከድሬ አስመጡ። ኦቨርሎክ (የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚያስይዘውን ስፌት) ጎረቤት ሱቅ አስደርገው ነው የሚያመጡት፣ ችግር የለውም ግን ጊዜ ይጨምራል።

ዋጋ ላይ ቁጥር አልጽፍም፣ እንደ ጨርቁና እንደ ሞዴሉ ነው፣ ግማሹን ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ ግማሹን ስትረከቡ። ከአካባቢው ሰፊዎች ትንሽ ይወደዳሉ፣ ለኔ ይገባቸዋል፣ ብዙ ልብስ በአንዴ ለሚያሰፋ ይቀንሳሉ። ለማስተካከል ስትመለሱ አያስከፍሉም፣ የትንሿ ሚዜ ወገቡ ሰፍቷት ነበር እዛው ቁጭ ብላ ጠበበላት፣ ሻይ ከጎን አስመጥተውላት ነበር።

ለመሄድ ያሰባችሁ ጠዋት ሂዱ፣ ያኔ መንገዱም አይጨናነቅም እሳቸውም ጊዜ አላቸው። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ከሰዓት ነው የሚከፍቱት። ለሰርግ ከሆነ ከሰርጉ ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲያልቅ አድርጋችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ጨርቁን በሙሉ በአንዴ ከአንድ ጣቃ ግዙ፣ ለመጨረሻ ሰዓት ሚዜ የሚሆን ትርፍ ሜትርም ያዙ፣ የጣቃውን ወረቀት ካልቀደዱት ፎቶ አንሱት ከተቻለም ሻጩን ለምናችሁ ወረቀቱን ቆርጣችሁ ውሰዱት። ጥጥ ጨርቅ ከሆነ ሳይሰፋ በፊት እቤት አንዴ ንከሩትና አድርቁት፣ ከተሰፋ በኋላ ካጠረ ሐጂም ምንም አያደርጉላችሁም። ልክ ልታዩ ስትሄዱ ደግሞ የሰርጉን ቀን የምታደርጉትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠርዙን የሚዘመዝሙት በጫማችሁ ቁመት ነው።